ካሜራው ሳይከፈት በፊት

የተከሳሽ ጠበቃ ነኝ። የምርመራ መዝገብ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ሰውየው ስንት ሰዓት ተያዘ? የእምነት ቃሉን የሰጠውስ መቼ ነው? በመሀል ስለሆነው ነገር መዝገቡ ብዙ ጊዜ ትንፍሽ አይልም።

የፖሊስ ሥልጣን አላግባብ ዋለ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዱላ ነው። ዱላ ግን ምልክት አለው፤ ሐኪም ያየዋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ምልክት የማይተወው ነው። መቼ እንደምትተኛ፣ መቼ ሽንት ቤት እንደምትሄድ፣ ለእናትህ ትደውል እንደሆነ የሚወስነው መርማሪው ነው። አንድ ወጣት ደንበኛዬ ሌሊቱን ሙሉ "እመንና ቤትህ ግባ" ሲባል አደረ። ለምን እንዳመነ ስጠይቀው፣ "መጀመሪያ ከዚያ ክፍል ልውጣ፣ እውነቱን በኋላ አስረዳለሁ ብዬ ነው" አለኝ። በኋላ ግን ማን ይሰማዋል? ፊርማው አለ።

ኒው ዮርክ ውስጥ በሴንትራል ፓርክ አንዲት ሯጭ እ.ኤ.አ. በ1989 ተደፍራና ክፉኛ ተደብድባ ተገኘች። ፖሊስ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች ያዘ። ለሰዓታት ተመረመሩ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተናግሯል ተባሉ። አራቱ በቪዲዮ አመኑ። ካሜራው የተከፈተው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ዳኞች ያዩት ልጆቹ ሲናገሩ እንጂ እዚያ እንዴት እንደደረሱ አይደለም። የዲኤንኤ ናሙናው ከአምስቱ ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም፤ እንዲያም ሆኖ ተፈረደባቸው። በ2002 ሌላ እስረኛ "እኔ ነኝ" አለ፤ ዲኤንኤውም የሱ ሆነ፤ ፍርዱ ተሻረ። ይህ ሰው ልጆቹ ከተያዙ በኋላ ሌላ ሴት ገድሏል። ይህቺን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

መርማሪ መዋሸት ይችላል ወይ ለሚለኝ፣ እንደ አገሩ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 "ጓደኛህ አምኗል" በሚል ውሸት የተገኘን ቃል ተቀብሏል። ኢሊኖይ ግዛት በ2021 ቢያንስ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን መዋሸት ከለከለች።

እንግሊዝ በ1984 ባወጣችው ሕግ ክስ ሳይመሰረት ማቆየት በመደበኛው 24 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ለማቆየት የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምርመራው ይቀዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መርማሪዎችን አዲስ ዘዴ ማስተማር ጀመሩ፤ ዓላማው ማሳመን ሳይሆን መረጃ መሰብሰብ ነው። መርማሪው ጠይቆ ያዳምጣል፣ የሰማውን ከማስረጃው ጋር ያስተያያል።

የማውቃቸው ፖሊሶች "እንዲህ ከሆነማ ማን ያምናል?" ይሉኛል። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬም ጥፋተኛ ያምናል፤ ማስረጃው ቀድሞ ተሰብስቦ ፊቱ ሲቀርብ ያምናል። ያንን ማስረጃ ለማምጣት ግን ከወንበር ተነስቶ መሄድ ይጠይቃል።