ይሉኝታን ይዤ ጀርመን ሄድኩ

ማስተርሴን ልማር ጀርመን፣ ጎቲንገን ከተማ ስሄድ ብርዱን፣ ቋንቋውንና የቢሮውን ጣጣ አስቤበት ነበር። ሰው ቤት ማዕድ ፊት ስቀመጥ ምን እንደምል ግን ማንም አልነገረኝም። እኛ ጋ «ብሉ» ሲባል አንዴ እምቢ ይባላል፣ ሁለቴም ይባላል። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ሲመጣ እጅ ይታጠባል። ጀርመኖች አንዴ ይጠይቃሉ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካላችሁ ሳህኑ ይነሳና ጨዋታው ይቀጥላል። መጀመሪያ ንፍገት መሰለኝ። አብሬያቸው ስኖር ግን ቃሌን አምነው እንደሆነ ገባኝ። አልበላም ያለን ሰው መጎትጎት እነሱ ጋ ደስ አይልም።

ስለዚህ የምፈልገውን በግልጽ መናገር ጀመርኩ። ይሉኝታ ይዞት ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «አዎ፣ ርቦኛል» ለማለት አፌ እስኪለምድ ጊዜ ወስዷል።

የኖርኩት የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ኩሽናው የጋራ ነበር። ፍሪጁ ውስጥ ሁሉም የየራሱ መደርደሪያ አለው። የሚበላም ዝም ብሎ ይበላል፣ «እንብላ» የሚል የለም። ይህንን እስከ መጨረሻው አልተቀበልኩትም። ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ብቻዬን መጉረስ አልችልም። እናም በሰባራ ጀርመንኛዬ እንብላ ማለቴን አልተውኩም።

ቡናው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ኩሽናው ጣሪያ ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ አለ። እዚያ ድግስ ያለው ሰው መግቢያው ላይ ወረቀት ለጥፎ ጎረቤቱን ያሳውቃል። እኔም እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «እሁድ 15 ሰዓት ላይ የኢትዮጵያ ቡና አለ። ሦስት ዙር ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁላችሁም ኑ።» በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ቡናውን በረንዳ ላይ ቆላሁ፣ ዕጣኑን ተውኩት። ሦስት ዙር መሆኑን ባልጽፍ ከአቦል በኋላ አመስግነው ይሄዱ ነበር። ቀድመው ስላወቁ ግን ጊዜ ይዘው መጡ። በረካ እስኪቀዳ ማንም አልተነሳም። ኮሪደር ላይ ከ«ሃሎ» አልፋ የማታውቅ ጎረቤቴ ስለ አያቷ አጫወተችኝ። ፈረንጅ ቀዝቃዛ ነው ሲባል ስሰማ ይህቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

ክፍል ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ሴሚናር ላይ አስተማሪው የሚጠብቀው ሐሳቡን የሚሞግት ተማሪ ነው። ዝምታን አክብሮት ብሎ የሚወስድ የለም። እኔ ከየክፍሉ በፊት አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ መግባት ለመድኩ፤ ከዚያ በኋላ እጅ ማውጣት አልከበደኝም። ፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ ጎን «ሲ ቲ» የሚል ካለ ትምህርቱ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል፤ «ኤስ ቲ» ካለ በሰዓቱ ነው። ሲያልቅ ተማሪው ጠረጴዛውን ያንኳኳል፣ ጭብጨባ መሆኑ ነው። ውጤቱ ደግሞ የእኛ ተገላቢጦሽ ነው፦ 1.0 ከሁሉ የበለጠው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ። ለቤተሰብ ከመደወላችሁ በፊት ይህን አስረዱ።

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ አስቤዛ ቅዳሜ ይገዛል። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ይቀነሳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፤ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ስትከቱት አብዛኛውን ጊዜ 25 የዩሮ ሳንቲም ይመለስላችኋል።

አንድ የእኛን ልማድ ግን መተው አልፈለግኩም። አብራኝ የምትማር ልጅ አባቷ አረፉ። ጓደኞቿ የሐዘን ካርድ ፈርመው ላኩላት። እኛ አገር ቢሆን ሳይጠየቅ ይኬድ ነበር፣ ድንኳኑም ይተከል ነበር። ሳልጠይቅ መሄድ ሊያስጨንቃት ይችላል ብዬ ፈራሁ፤ መቅረትም አላስቻለኝም። «መጥቼ አብሬሽ ልቀመጥ?» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች፣ ነገ ከሰዓት እጠብቃለሁ አለች። ምስር ወጥ ሠርቼ ሄድኩ። ብዙም አላወራንም፣ እስኪመሽ ተቀመጥን። በሌላ ጊዜ ከእናቷ ጋር ስታስተዋውቀኝ ያን ቀን አነሳችው።

ዘንድሮ ለምትሄዱ፦ ቤት እንደገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አድራሻችሁን ማዘጋጃ ቤት አስመዝግቡ። ቀጠሮው ቶሎ አይገኝም፣ ቀድማችሁ ያዙ። ስማችሁንም ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። የባንክ ካርዱም የኢንሹራንሱም ወረቀት በፖስታ ነው የሚመጣው፤ ፖስተኛው ስማችሁን ሳጥኑ ላይ ካጣ ደብዳቤውን ይመልሰዋል።