የነፍስ አባት አይደለሁም

ኅዳር 14 ቀን፣ ባሕር ዳር

ከሐይቁ ማዶ የምትመጣው ልጅ ሦስት ቀጠሮ ከቀረች በኋላ ዛሬ ጠዋት ተመልሳ መጣች። እሷን ሊያስለይ የሚችለውን ሁሉ በዚህ ማስታወሻ ለውጬዋለሁ፤ ያልለወጥኩት የራሴን ጥፋት ብቻ ነው።

በመንግሥት ሆስፒታል የልጆችና የወጣቶች ሳይኮቴራፒስት ሆኖ የሚሠራ ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ በየዕለቱ ከሀ ጀምሮ ማስረዳት አለበት። ካርድ አውጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው የሚገቡት እናቶች "ዶክተር" ይሉኛል፤ ሐኪም አለመሆኔን ስነግራቸው ትሕትና ይመስላቸዋል። መርፌ አልወጋም፣ መድኃኒት አላዝዝም፤ ልጁን ለብቻው አስቀምጬ እርሳስና ወረቀት እሰጠዋለሁ፣ ከጨዋታውም ከዝምታውም ያለበትን ለመረዳት እሞክራለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ "ለወሬ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?" ብላኛለች፤ ያወጣችውን ገንዘብና ትታው የመጣችውን ሥራ ሳስበው ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገልጻል፤ እኛ ኮሪደር ላይ የሚደርሰው ግን ራሱን አሞት፣ ሆዱን ቆርጦት፣ ጠበል ተጠምቆ፣ ላቦራቶሪው "ምንም የለም" ካለው በኋላ የተላከው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ልጁ ሲወጣ የሚመጣው ጥያቄ ነው። "ልጄ፣ ምን አለችሽ?" ይሉኛል፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በእኛ ዘንድ ልጅ ከእናቱ የሚደብቀው ነገር ካለ ጥፋት እንጂ ምስጢር አይባልም፤ የልጅ ሆድ የእናቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ ይሁንና ሌሊት ተነሥታ ስትጓዝ ለመጣች እናት አንቀጽ መጥቀስ ከስድብ አይተናነስም። ስለዚህ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ንጽጽር አገኘሁ፦ "እማማ፣ የነፍስ አባትዎ እርስዎ የነገሯቸውን ለባለቤትዎ ያወራሉ? እኔም እንደዚያው ነኝ።" ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል፣ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ልጆቹም ይህንኑ ሰምተው ይደፋፈራሉ። ለሙስሊም እናቶች "አማና ነው" ማለት ይበቃኝ ነበር፤ የእነሱ ቃል ከእኔ ንጽጽር እንደሚሻል የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ንጽጽሩ ከልኩ በላይ ሠራ። ሌሊት በመኝታው ላይ ሽንት የሚያመልጠው የ11 ዓመት ልጅ፣ ለወራት የደበቀውን ከነገረኝ በኋላ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ታዲያ ስንት ልስገድ?" አለኝ። ሣቄ መጣ፤ ያዝኩት። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ገባኝ። ወደ ነፍስ አባት የሚኬደው ኃጢአትን ለመናዘዝ ነው፤ እኔም ሳላስበው ይህን ልጅ በእንቅልፉ ለሚሆነው ነገር በደለኛ ነህ ብዬዋለሁ ማለት ነው። ያን ቀን ንጽጽሩን መተው ነበረብኝ። አልተውኩትም፤ በር ላይ የሚጠብቀኝን ጥያቄ ስለሚዘጋልኝ፣ ወረፋውም ረጅም ስለ ነበረ ቀጠልኩበት።

የዛሬዋ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። የመጣችው በራስ ምታት ነበር። ለሁለት ወር ያህል ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ታናሽ ወንድሟና ስለ ቡና ለቀማ አወራችኝ፣ "እርስዎ" እያለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል። አንድ ሐሙስ ግን የሆዷን አወጣችው፤ መኖር እንደማትፈልግ፣ ነገሩም ሐሳብ ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ ነገረችኝ። እንዲህ ያለውን ይዞ መቆየት አይቻልም። ለእናቷ እንደምናገር አስቀድሜ ለእሷው ነገርኳትና እናቷን አስገባሁ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙም በዚያው ቀን አያት፣ ለብቻዋ እንዳትተውም ተስማማን። ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቷ ወረቀቱን ማኅተም ለማስመታት ስትወጣ ጠብቃ፣ "አንቺ እንደ ነፍስ አባት ነኝ አላልሽም ነበር?" አለችኝ። በጎጃም ገጠር ያደገች ልጅ ትልቅ ሰውን "አንቺ" ስትል ምን ያህል እንደ ከፋት ለማወቅ ሳይኮቴራፒስት መሆን አያስፈልግም።

ያን ዕለት ከሥራ ወጥቼ በጊዮርጊስ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አንድ ሰው ውኃ ጠጥታ የከበደችውን የደንገል ታንኳውን ጎትቶ እንድትደርቅ በድንጋይ ላይ አጋደማት። ለሆነብኝ ነገር ምሳሌ ልትሆነኝ ስትል ዞር አልኩ፤ ምሳሌ ያመጣብኝ ጣጣ ይበቃኛል።

ለእናቷ መናገሬ ትክክል ነበር፤ ነገም ያንኑ አደርጋለሁ። ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። የነፍስ አባት የሰማውን ይዞት ይቀበራል፤ እኔ ግን ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም ልጁን የሚጎዳ ሰው ሲኖር የመናገር ግዴታ አለብኝ። ይህን ልዩነት አውቄ ያልተናገርኩት፣ ብናገር አፋቸውን ይዘጋሉ ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። ልጅቷ የሆዷን ያወጣችው እኔ ልጠብቀው በማልችለው ቃል ተማምና ነው።

ከዚያ ወዲህ "አደራ" እላለሁ። አደራ ባለቤት አለው፤ እኔ ዘንድ ቢቀመጥም የእኔ አይደለም፣ የእናትየዋም አይደለም። እናትም ልጅም ባሉበት፣ ገና ሳይቀመጡ፣ የትኛውን እንደምይዝና የትኛውን ልይዝ እንደማልችል እነግራቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ባለፈው ሳምንት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ "እንግዲያው የምናገረው የለኝም" አለና እስከ መጨረሻው ዝም አለ፤ የቀጠሮ ወረቀቱን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዛሬ የመጡት በጠዋቱ ጀልባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣ የማዶ ልጆችን ቀጠሮ ሁልጊዜ ጠዋት አደርጋለሁ። ካለን 40 ደቂቃ ውስጥ 30 ደቂቃውን ዝም አለች። በዚያ መካከል በሩ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፤ የክፍላችን ጓንት የሚቀመጠው ከእኔ ወንበር ጀርባ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ በሩ ላይ "እባክዎ አይግቡ" የሚል ወረቀት ከለጠፍኩ አራት ወር አልፎታል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

"እዚህ ቤት ምስጢር የሚባል የለም" አለች። ቀጥላም፦ "አሁን የምነግርሽንም ልትነግሪያት ነው?"

"አንቺ" እንዳለች ነው። በመጀመሪያው ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ሁሉ፣ የምናገረውንም የማልናገረውንም፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለዚያ ሐሳብ በቀጥታ ጠየቅኋት፤ አልጠፋም፣ ግን ቀንሷል አለች፣ መቼ እንደሚብስባትም ነገረችኝ። የቀረውን ጊዜ ስለ ወንድሟ አወራች። ስትወጣ እናቷ ከአግዳሚው ተነሣች፤ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ልጇ አየች፣ አልጠየቀችም። ለሚቀጥለው ሐሙስ፣ ለሦስት ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ጻፍኩላቸው።