እጄ ኪቦርድ ላይ፣ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ

ኤክሴል ላይ ስሠራ በተቻለኝ መጠን ማውስ አልነካም። የሚያዩኝ ሰዎች "ለፍጥነት ነው አይደል?" ይሉኛል። ፍጥነቱ እውነት ነው። እኔ ግን ኪቦርዱን የምወደው ዓይኔ ቁጥሩን ሳይለቅ እንዲቆይ ስለሚያደርግልኝ ነው።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የማዳበሪያ ስርጭት እመዘግባለሁ። ከየቀበሌው መሠረታዊ ማኅበራት በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ይመጣል። የገበሬው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ቀበሌው፣ ስንት ኩንታል ኤንፒኤስ፣ ስንት ኩንታል ዩሪያ፣ የከፈለው ብር። ግንቦት ሲገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይቆለላል። በቆሎ የሚዘራ ሰው ማዳበሪያው በሰዓቱ ካልደረሰው ዓመቱ ተበላሸበት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ረድፍ ሳይ የማየው አንድ ቤት ሰው ነው።

ኩንታሉን ብቻ ስሞላ ግራ እጄ ወረቀቱ ላይ መስመሩን ይዞ ይወርዳል። ቀኝ እጄ የቁጥር ቁልፎቹ ላይ ነው። ቁጥር፣ ኢንተር፣ ቁጥር፣ ኢንተር። በየሴሉ ክሊክ እያደረግሁ ልሂድ ብል ግን ዓይኔ መጀመሪያ የማውሷን ቀስት ይፈልጋል። ቀጥሎ ሴሉን ይፈልጋል። ወደ ወረቀቱ ሲመለስ መስመሩ ጠፍቷል። የአንዱ ኩንታል ለጎረቤቱ የሚጻፈው እዚህ ጋ ነው።

ከሁሉም የምወደው ኮንትሮልን ይዞ የታች ቀስቱን መጫን ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ መዝለያ አድርጎ ነው። እኔ መመርመሪያ አድርጌዋለሁ። ምክንያቱም የሚዘለው ዓምዱ ሳይቋረጥ እስከተሞላበት ድረስ ብቻ ነው። መሃል ላይ ባዶ ሴል ካለ ከባዶው በላይ ያለው ሴል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያ የቆመበት ቦታ ዩሪያው ያልተጻፈለት ሰው አለ። ባዶ ደግሞ ዜሮ አይደለም። ዜሮ ከሆነ ሰውዬው አልወሰደም። ባዶ ከሆነ ግን ወሰደ አልወሰደ የሚለውን ማንም አልጻፈም፤ ወረቀቱን ማገላበጥ ወይም ማኅበሩ ጋ መደወል አለብኝ።

ክፍተት ከሌለ የመጨረሻው ገበሬ ላይ ያርፋል። አንዴ ስደግመው እስከ ረድፍ 1,048,576 ይወርዳል፤ የሉሁ ጫፍ እዚያ ነው። በሁለት ዝላይ እዚያ ስደርስ ደስ ይለኛል። መሃል ላይ የተረሳ የለም ማለት ነዋ! በማውስ እየጎተቱ መውረድ ይህን አይነግርም። ገጹ ይሮጣል፣ ባዶዋም ሴል ከሌሎቹ ጋር እልም ትላለች።

ስለ ሾርትከት የሚጽፉ ፈረንጆች የማያነሱት፣ ለእኛ ግን ትልቅ የሆነ ነገርም አለ። ስም በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ፎርሙላ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የአማርኛው ኪቦርድ እንደበራ ሰም (SUM) የሚለውን የመደመሪያ ፎርሙላ ለመጻፍ ብሞክር የሚወጣው የግዕዝ ፊደል ነው። በቀን ውስጥ ይህ መቀያየር ማብቂያ የለውም። በየጊዜው ታች ጥግ ላይ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ክሊክ ማድረግ ያደክማል። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ስፔስ መጫን ብቻ ይበቃል። ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል።

የማይረዳንም አለ። ኮንትሮልና ሴሚኮለን የዕለቱን ቀን ይጽፋል፤ ቀኑ ግን የፈረንጅ ነው። እኛ ደግሞ በጀቱን የምንዘጋው ሰኔ 30 ነው። የእኛን ቀን በቁጥር ልጻፍ ብልም አይሆንም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ብጽፈው፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም። እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትን በሦስት ዓምድ ለያይቼ እጽፋለሁ።

ማውስን ግን አልንቅም። እንዳልንቀው ያደረጉኝ አንድ ጋሼ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ተዛውረው የመጡ፣ በወረቀት መዝገብ ዘመን ሒሳብ የሠሩ ሰው ናቸው። ሁሉንም በማውስ ነው የሚሠሩት፣ ቀስ ብለው።

"ጋሼ፣ ኮንትሮል ሺፍት ኤል ቢጫኑ እኮ ፊልተሩ ይመጣል" አልኳቸው።

"አንቺ ሩጪ ልጄ፣ እኔ እያየሁ ልሂድ" አሉኝ።

እያዩ ሲሄዱ ያገኙትን እኔ አላገኘሁትም ነበር። ፊልተሩ ዓምዱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ይዘረዝራል። እሱን ከፍተው የቀበሌዎቹን ስም በማውስ አንድ በአንድ ወረዱበት። አንዱ ቀበሌ ሁለት ቦታ ተዘርዝሯል። አንዱ ጸሐፊ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ጽፎታል። ለእኛ ያው ቀበሌ ነው። ለኤክሴል ግን ሁለት ስም ነው፣ የኩንታሉም ድምር ለሁለት ተከፍሏል። እንዲህ ያለውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ማውስ ደግሞ ቀስ ብሎ ለማየት ይመቻል። ፒቮት ቴብል (ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ሲዘጋጅ፣ ቻርት ወዲያ ወዲህ ሲደረግ፣ የዓምድ ስፋት ሲስተካከል እኔም ማውሱን አነሳለሁ።

በፊትማ ምርጫም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪዚካልክ፣ እንደ ኤክሴል ያለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ማውስ አያውቅም፤ ትእዛዙ የሚጀምረው የስላሽ (/) ቁልፍን በመጫን ነበር። በ1983 የመጣው ሎተስ 1-2-3ም እንዲሁ። ኤክሴል በ1985 ማኪንቶሽ ላይ ሲወጣ ከማውስ ጋር መጣ። ግን የስላሿን ልማድ አልጣለም። ዛሬም ሴል መርጣችሁ ስላሽ ብትጫኑ ከላይ ያለው ሜኑ ላይ ፊደሎች ብቅ ይላሉ። እነሱን እየተከተላችሁ ያለ ማውስ መሥራት ትችላላችሁ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የማውስ ፈልሳፊው የዳግላስ ኤንግልባርት ነገር ነው። ማውስን እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በይፋ ሲያሳይ፣ በቀኝ እጁ ማውሱን ይዞ በግራው አምስት ቁልፎች ያሏት ትንሽ መሣሪያ ይጫን ነበር። ገና ሲጀመር ሁለቱ እጆች አብረው ነበር የሚሠሩት። የዛሬው ኪቦርድም ለዚህ አይነፍግም። ኮንትሮል፣ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ፣ ኤስ ሁሉም በግራ በኩል ናቸው። ቀኝ እጅ ማውሱን እንደያዘ ግራው ይገለብጣል፣ ይለጥፋል፣ ሴቭ ያደርጋል።

አሁን አንዲት ልጅ አዲስ መጥታ አብራኝ ትሠራለች። የሾርትከት ዝርዝር አትሜ ልሰጣት አልፈለግሁም። ሰው ቁልፍን የሚይዘው ሥራው ሲጠይቀው ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ያሳየኋት ኮንትሮልና ኤስን ነው፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። ኤፍ 4ን ያየችው የኩንታሉ ዋጋ ያለበት ሴል፣ ፎርሙላውን ወደ ታች ስትገለብጥ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት ነው። አንዴ ስትጫነው ፎርሙላው ውስጥ የዶላር ምልክቶቹ ($) ገቡና ሴሉ ባለበት ረጋ። ቀጥሎ የማሳያት ኮንትሮልና ዲን ነው፤ ከላይ ያለውን ሴል ወደ ታች ይገለብጣል። የቀበሌውን ስም በየረድፉ እንደ አዲስ ስትጽፍ አያታለሁ። ይህን ከለመደች ስሙ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ ይወርዳል፤ ጋሼም ፊልተሩ ውስጥ አንዱን ቀበሌ ሁለቴ አያገኙትም።