ካርዱም ስልኩም ሳይሞቱ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያለችው የሞባይል ጥገና ቤታችን በር ላይ በብዛት ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ሚሞሪ አላነብ አለኝ» የሚለው ነው። የተሰበረ ስክሪንና ቻርጅ የማይቀበል ስልክ ብቻ ናቸው የሚቀድሙት። ደግነቱ አብዛኛው ቶሎ ይፈታል። የካርዱ ወርቃማ እግሮች ላይ ላብና አቧራ ተጋግሮ ይሆናል፤ በንጹሕ አልኮል ሲጠረግ ያነባል። ወይም ባለቤቱ ስልኩን ሳያጠፋ ነቅሎ መልሶታል። ወይም የሲም ማስገቢያው አንዱን ቀዳዳ ለሁለተኛው ሲምና ለሚሞሪው በጋራ የሰጠ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛ ሲም ከገባ ለካርዱ ቦታ የለውም።

የካርዱ መጠንም አለ። ብዙ አሮጌ ስልኮች እስከ 32 ጊጋ ድረስ ነው የሚቀበሉት። ከዚያ በላይ ያሉት ካርዶች ፋይል የሚያስቀምጡበት ስልት ሌላ ስለሆነ ስልኩ ግራ ይገባውና «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ያለበት ተጠርጎ እንደ አዲስ ይዘጋጅ ይላል። ከመንገድ ላይ በርካሽ የተገዛ 128 ጊጋ ደግሞ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስልኩ ላይ 128 ብሎ ይታያል፤ 8ቱ ከሞላ በኋላ የገባው ፎቶ ሁሉ ግን አይከፈትም። ይህን የሚያጋልጡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። አዲስ ካርድ ስትገዙ ውድ ነገር ከማስቀመጣችሁ በፊት እንዲህ አስፈትኑት።

የመምህሩ ስልክ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ከአለታ ወንዶ በኩል የመጡ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ መምህር ናቸው። ስልኩን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ስልኩስ ይቅር። ካርዱ ውስጥ ያለውን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ።

ምን እንዳለበት ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ ማንኛውም ጠጋኝ እጁ ስልኩን ከመንካቱ በፊት ሊጠይቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ካርዱ ላይ ዘፈን ብቻ ካለ ሥራው የደቂቃ ነው። እሳቸው ግን ያስቀመጡት የሽማግሌዎች ድምፅ ነው። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓሉን የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ናቸው። የከዋክብትን አካሄድ እያዩ ነው የሚቆርጡት፤ ዕለቱ በግድግዳ ካላንደር ላይ አስቀድሞ የታተመ አይደለም። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኛ የሐዋሳ ልጆች ጉዱማሌ ላይ ሲከበር እያየን ነው ያደግነው። መምህሩ አያንቶዎቹን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ ኮከቡ እንዴት እንደሚታይና ምን ማለት እንደሆነ እያስተረኩ ቀድተዋል። ከሽማግሌዎቹ መካከል በሕይወት የሌሉ አሉ። እነሱ ዘንድ ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም።

ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቤት አሳይተዋል። «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ስልኩም ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል፤ ሪሴት እናድርገው» ብለዋቸዋል። ሪሴት ማለት ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር ነው። መምህሩ «ላስብበት» ብለው ወጡ። እግዜር ነው ያተረፋቸው። ለምን እንደዚያ እንደምል ወደታች ይገባችኋል።

ሚሞሪ አልነበብ ሲል የሁላችንም የመጀመሪያ ሥራ ማቀያየር ነው። የደንበኛውን ካርድ ጤነኛ ስልክ ላይ፣ ጤነኛ ካርድ ደግሞ የደንበኛው ስልክ ላይ። የታመመው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፈጣን ነው፤ እኔ ከመምህሩ ጋር እያወራሁ አቀያየረው። የሳቸው ካርድ የኛ ስልክ ላይ ሲገባ «ይህን ካርድ ለመጠቀም ፎርማት አድርገው» የሚል መጣ። የኛ ካርድ የሳቸው ስልክ ላይ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ዝም። ምንም እንዳልገባበት ሁሉ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ሞተዋል» አለኝ።

ያየው ልክ ነው፤ ድምዳሜው ላይ ግን አልተስማማሁም። ካርድም ማስገቢያም ባንድ ጊዜ ሞቱ ሲባል እኔ ቶሎ አላምንም። ሁለቱን ያገናኘ ነገር መኖር አለበት።

«መምህር፣ ይህን ካርድ መጀመሪያ ያስገባልዎ ማነው?»

«የእህቴ ልጅ ነው። ስልኩ እየሞላ አስቸገረኝ፤ እሱ አንድ ነገር ነካካና ከዚያ ወዲህ ቦታ አለቀ ብሎኝ አያውቅም።»

እዚህ ላይ ነገሩ በራልኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ብዙ ስልኮች አዲስ ካርድ ሲገባባቸው ሁለት ምርጫ ያቀርባሉ። አንዱ እንደ ልማዱ ነቅለን ወደ ሌላ ስልክ የምናዞረው ተንቀሳቃሽ ካርድ ማድረግ ነው። ሌላው ካርዱን የስልኩ የራሱ ሆድ አካል ማድረግ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው አፕሊኬሽኑም ፎቶውም ድምፁም ወደ ካርዱ ይሄድለታል። 8 ጊጋ ብቻ ላለው ስልክ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ስልኩ ካርዱን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ ቁልፉም የሚቀመጠው ካርዱ ላይ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ነው። ካርዱን ሌላ ስልክ ላይ ብታስገቡት ያ ስልክ ቁልፉ ስለሌለው የሚያየው ትርጉም የለሽ ነገር ነው። ስለዚህ «ፎርማት አድርገው» ይላል።

በሌላ አነጋገር ካርዱ ጤነኛ ሆኖም በኛ ስልክ አይነበብም። የማቀያየር ፈተናችን በዚህ ዓይነት ካርድ ላይ አያገለግልም፤ እንዲያውም ያሳስታል። የመምህሩ ስልክ ሪሴት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ቁልፉ አብሮ ይጠፋ ነበር። ካርዱ ምንም ሳይጎድልበት ውስጡ ያለው ድምፅ እስከ ወዲያኛው ተዘግቶ ይቀር ነበር። የትኛውም የፋይል መመለሻ ፕሮግራም አይከፍተውም።

ጥርጣሬዬን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ስልኩን አበራሁት። ጋለሪው ባዶ ነው። የአንዳንዶቹ አፕሊኬሽኖች ምስል ደብዝዞ ይታያል፤ ሲነኩ አይከፈቱም። ሴቲንግ ገብቼ ስቶሬጅን ስከፍት የካርዱ ስም አለ፣ ግን አጠገቡ እንደሌለ ተጽፏል። ስልኩ ካርዱን አልረሳውም፤ እየፈለገው ነው። ስሙን ስንነካው «ፎርጌት» የሚል ምርጫ መጣ። የልጁ ጣት ወደዚያው ሄደ። አልፈርድበትም። ዋይፋይ እምቢ ሲል የምናደርገው ይሄንኑ ነው፤ ያለውን አስረስተን እንደ አዲስ እናገናኛለን። እዚህ ግን ያቺ ምርጫ ከተነካች ስልኩ የካርዱን መክፈቻ ይጥለዋል። እጁን ያዝኩና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብ አደረግኩት። ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ለዘላለም እንደሚጠፋ ራሱ ስልኩ ያስጠነቅቃል፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ከዚያ ካርዱን በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፋይል መክፈቻው ላይ ምንም አይታይም። የዲስኮችን አከፋፈል በሚያሳየው ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ የ16 ሜጋ ትንሽ ክፍል፣ ቀጥሎ የቀረውን የያዘ ትልቅ ክፍል። አንድሮይድ የራሱ ያደረገው ካርድ መልኩ ይህ ነው። የተቃጠለ ካርድ እንዲህ ተስተካክሎ አይታይም። ምንም ሳልጽፍበት አወጣሁትና ለመምህሩ «ካርድዎ ደህና ነው» አልኳቸው። ተንፍሰው ተቀመጡ።

የቀረው የስልኩ ማስገቢያ ነው። ባትሪውን አውጥቼ በማጉያው አየሁት። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ስምንት እግር አለው፤ ማስገቢያውም ስምንት ስስ ስፕሪንጎች አሉት። ከነሱ አራተኛው ተጨፍልቆ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አራተኛው እግር ለካርዱ መብራት የሚሰጠው ነው። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ቢሆኑ ካርዱ አልፎ አልፎ እየጠፋ ይመጣ ይሆናል፤ መብራቱ ሲቋረጥ ግን ለስልኩ ምንም የገባ ነገር የለም። የኛ ካርድ ሲገባ ዝም ያለው ለዚህ ነው። መምህሩን ስጠይቃቸው ስልኩ ከእጃቸው ወድቆ ባትሪው ተፈናጥሮ እንደነበር አስታወሱ። ካርዱም ከቦታው ወጥቶ ነበር፤ በጣታቸው ገፍተው መልሰውታል። ስፕሪንጉን የጨፈለቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ «ማስገቢያውን እንቀይረው?» አለ። አዲስ ማስገቢያ ርካሽ ነው፤ ግን ለመንቀል ብየዳውን በሞቀ አየር የሚያቀልጠው ሆት ኤር ያስፈልጋል። ቁልፉን የያዘው ቺፕ እዚያው ቦርድ ላይ ነው። በሌላ ስልክ ሳላመነታ አሞቅ ነበር። በዚህ ስልክ ግን ሙቀት የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ወሰንኩ። ቀጭን መርፌ ይዤ ስፕሪንጉን ከሥሩ ቀስ እያልኩ ቀና አደረግኩት። እንደነዚህ ያሉ ስፕሪንጎች ሁለቴ መታጠፍ አይወዱም፤ ከተሰበረ መመለሻ የለውም። ከሌሎቹ ጋር እኩል ሲሆን ቆምኩ። ሥሩ ላይ የነበረችውን አረንጓዴ ዝገት በአልኮል ጠረግኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ ያስገባነው የኛን ካርድ ነው። አነበበው። አወጣነው፣ ስልኩን አጠፋን፣ የመምህሩን ካርድ በወረንጦ ይዤ ቀጥ አድርጌ አስገባሁት። ስልኩ በራ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ የደበዘዙት አፕሊኬሽኖች አንድ በአንድ ቀለማቸው ተመለሰ፣ ጋለሪው ሞላ። መምህሩ ራሳቸው የድምፅ መቅጃውን ከፈቱና አንዱን ነኩ። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በሲዳምኛ መጣ፤ ከጀርባ ዶሮ ይጮኻል። መምህሩ ቃሉን እየቀደሙ አብረው ይሉት ነበር።

«ቆይ መምህር፣ መጀመሪያ እንገልብጠው» አልኳቸው። ቀና ያለ ስፕሪንግ እንዳዲሱ አይታመንም። ካርዱን ነቅሎ በሪደር መገልበጥም አይሆንም፤ የሚከፈተው በስልኩ በኩል ብቻ ነው። በኬብል ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥን፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ። ቆርጦ ማዘዋወር ሳይሆን መገልበጥ ነው ያልኩት፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ ዋናው እንዳለ ይቆያል። ፋይሎቹን እየከፈትን መጀመሪያና መጨረሻቸውን ሰማን። የፋይል ስም መታየቱ ብቻ ውስጡ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ይሄንን ጉዳይ እንዲህ አስረዝሜ የጻፍኩት በሙያችን የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። ስልክ ትንሽ ካስቸገረ ሪሴት፣ ካርድ እምቢ ካለ ፎርማት። ፈጣን ነው፣ ደንበኛም ቶሎ ይሄዳል። ግን ደንበኛው ያመጣልን ስልኩን ብቻ አይደለም፤ ሰነዱንና የልጆቹን ፎቶ ጭምር ነው። ካርዱ በርግጥ ታሞ «ተበላሽቷል» የሚል ከመጣ እንኳ ፎርማት የመጨረሻው ነው። አዲስ ነገር አትጻፉበት፣ ፎቶ አታንሱበት። ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ቅጂውን ወስዶ ከቅጂው ላይ እንደ ፎቶሬክ ባለ ነፃ ፕሮግራም መፈለግ ይቻላል። ፈጣን ፎርማት ራሱ ብዙውን ጊዜ ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ፋይሉን የሚያጠፋው በላዩ የሚጻፈው ነው። ይሄ ሁሉ ግን ላልተቆለፈ ካርድ ነው።

ለመምህሩ ለቀጣዩ የድምፅ ቀረጻ 32 ጊጋ አዲስ ካርድ መረጥንላቸው። እሱን ለሌላ ስልካቸው በተንቀሳቃሽነት አስገባነው፤ ስልኩ አንድ ቀን ቢሞት ካርዱ ሌላ ቦታ ይነበባል። ከሆድ ጋር የሚዋሃደውን አሠራር መጥፎ ነው አልልም። ትንሽ ቦታ ያለው ስልክ ላይ አፕሊኬሽን ለመጫን፣ ካርዱ ጥሩ ከሆነ፣ ያገለግላል። የማይተካ ነገር ግን እዚያ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

የጥገና ሂሳብ ሲጠይቁኝ የስፕሪንጉን ሥራ ብቻ ነገርኳቸው። የድሮውን ካርድም ወደ ተንቀሳቃሽነት እንድቀይርላቸው ፈልገው ነበር፤ ያን ለማድረግ ፎርማት የግድ ስለሆነ እንቢ አልኩ። መጀመሪያ ፍላሹን ወስደው ትምህርት ቤት ባለው ኮምፒውተር ሁሉንም ቅጂ እስከ መጨረሻው ይስሙ። ከዚያ ካርዱን ይዘው ይመጣሉ።