ቤተ ጊዮርጊስን በማለዳ ፎቶ ለማንሳት ለምትሄዱ፦ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ ሰዓቱን አስጽፉ

ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ ለማንሳት ያሰበ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ፀሐይ ስትወጣ ድረስ።» እኔ ግን ፀሐይ ስትወጣ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ዕቃ እየሰበሰባችሁ ሁኑ ባይ ነኝ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር ይተካከላል፣ ግድግዳው 12 ሜትር ያህል ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። የመጀመሪያው ጨረር የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ባለው መስቀል ብቻ ነው። ላዩ ቦግ ሲል ታቹ ድቅድቅ ይላል፤ ካሜራ ሁለቱን ባንድ ፎቶ አይችላቸውም።

ከደሴ ወልድያ፣ ከዚያ በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ነው። መኪናውም፣ ማደሪያውም፣ ቲኬቱም አላስቸገሩኝም።

ያስመረረኝ የካሜራው እግር ነው። ከሰዓት በኋላ ቦታ ልመርጥ ሄጄ ትራይፖዱን ስዘረጋ አንድ ጥበቃ መጣ።

«ይሄ ፊልም ነው። ፈቃድ አለህ?»

«ፎቶ ነው ጋሼ።»

«እግር ካለው ፊልም ነው።»

ቢሮ ላኩኝ። ቢሮው ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዳመጣ ጠየቀኝ። የምሠራው ለራሴ ነው አልኩ። «እንግዲያው ለራስህ ጻፍ» አለኝ ሰውየው፣ ቀልዱን አልነበረም። ወረቀት ገዝቼ፣ ራሴን «አመልካቹ» ብዬ፣ ለራሴ ምስክር ሆኜ ጻፍኩ። ማህተም የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል። «አብሽር፣ ይመጣል።» ሲመሽ መጣ፤ ሳያነበው መታበት። ጎህ ሲቀድ እንደማነሳ ነግሬው «ችግር የለም» ብሎኛል፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌሊት በብርድ ተነስቼ ስደርስ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሌላ ነው። ወረቀቱን በባትሪ ቃል በቃል አነበበ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሰዓቱ አልተጻፈም። ሰዓት ካልተጻፈ በሥራ ሰዓት ማለት ነው።»

ለመንኩት፣ ስልክ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ነጠላቸውን ያጣፉ ሰዎች በአጠገቤ ወደ ቅዳሴ ያልፋሉ፣ እኔ ትራይፖዴን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ያን ብስጭት ዛሬም አልረሳሁትም። የተናደድኩት ደግሞ በጥበቃው አይደለም፤ እሱ የተጻፈውን አነበበ። የተናደድኩት ሳያነብ ማህተም በሚመታው ሰው ነው። ሲያስገቡኝ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ነበረች፤ የዚያን ቀን ፎቶዎች ሁሉንም አጥፍቻቸዋለሁ።

ቢሮ ተመልሼ «ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ በካሜራ እግር» የሚል ካልተጨመረ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። ጨመሩልኝ። በማግስቱ ያው ጥበቃ አንብቦ «ይኸው፣ እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ አሳለፈኝ። እናንተም በቃል «ችግር የለም» ሲሏችሁ አትመኑ፤ ሰዓቷና የካሜራው እግር በጽሑፍ ይስፈሩ።

የቀረው ቀላል ነው። በጥር ፀሐይ ከ12 ሰዓት ከ40 በኋላ ነው የምትወጣው፤ ተራራው ሲጋርዳት ደግሞ ትዘገያለች። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ጥላ የለም፤ ቀዩ አለት ከጣሪያ እስከ ወለል እኩል ይታያል፣ ጣሪያው ላይ አንዱ ባንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎችም ጠርዛቸው ይለያል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የካሜራው መዝጊያ ጥቂት ሰከንድ ተከፍቶ ይቆይ። ያለ እግር ይህ አይሆንም፤ ለዚህ ነው የተሟገትኩት። ደግነቱ ሌሎቹ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ያለው የብረት መጠለያ እዚህ የለም፣ ሰማዩ ክፍት ነው።

ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ሕዝቡን ለማንሳት ካልሆነ ያን ቀን ትራይፖድ ይዛችሁ አትምጡ። የሚጸልይ ሰው ፊት ላይ ሌንስ አትደግኑ፣ አስፈቅዱ። ግድግዳውን በፀሐይ የምትፈልጉም ካላችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ ከ4 ሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ ብርሃኑ ያኔ ነው ወደ ጉድጓዱ እየወረደ የሚመጣው። ለዚያ ሰዓት ትራይፖድም ደብዳቤም አያስፈልጋችሁም።