ለሜዳ የሚበቃ የብሉቱዝ ስፒከር፦ የሦስት ሳጥኖች የሥራ ማስታወሻ

በሰፈራችን የሚኖሩ ወጣቶች ዘወትር እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረው በአንድ ክፍት ሜዳ ላይ በጋራ ስፖርት ይሠራሉ። ሜዳው ላይ ሶኬት የለም። ሙዚቃው የሚወጣው በእጅ ከምትያዝ ትንሽ ስፒከር ስለነበረ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የቆመ ሰው ምቱን መከተል የሚችለው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እግር በማየት ብቻ ነበር። ይህ ስላሳሰበኝ በባትሪ የሚሠራ፣ በአንድ ሰው እጅ የሚነሣና ድምፁ እስከ መጨረሻው ረድፍ የሚደርስ የብሉቱዝ ስፒከር በቤቴ መሥራት ጀመርሁ። እስካሁን ሦስት ሳጥን ሠርቻለሁ። ሁለቱ ለሜዳው አልበቁም፤ ሦስተኛው በቅቷል። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ይጠቅማል ብዬ የማምነውን ከነቁጥሩ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያውን ሳጥን የሠራሁት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት አምኜ ነው። «100 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአምፕሊፋየር ሰሌዳ፣ 3 ኢንች የሆኑ ሁለት ስፒከሮችና ለኮምፒውተር የመብራት መጠባበቂያ የሚያገለግል 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ ገዛሁ። ባትሪው ብቻውን ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ሳጥኑን ሳሎን ውስጥ ስከፍተው ድምፁ ግድግዳውን ሞላው፤ እኔም ሥራው ያለቀ መሰለኝ። በማግስቱ ሜዳው ላይ ስከፍተው ግን ዐሥር እርምጃ ሳልርቅ ድምፁ ቀጠነ፣ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስሌት ውስጥ መግባት ነበረብኝ። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አምፕሊፋየር ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ክፍል ከሌለው በቀር ከ12 ቮልት በላይ የሆነ ሞገድ ለስፒከሩ ሊሰጥ አይችልም። የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም 4 ኦም ከሆነ 12 በ12 ተባዝቶ ለ8 (ለኦሙ እጥፍ) ሲካፈል 18 ዋት ይሆናል፤ በሰሌዳው ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ድምፁ ሳይሰነጠቅ የሚገኘው 15 ዋት ገደማ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ማይክሮቺፕ ቲፒኤ3116 ነበር፤ አምራቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይህ ቺፕ በሁለት መስመር 50፣ 50 ዋት የሚሰጠው በ21 ቮልትና በ4 ኦም እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ቺፑ ያለ ስሙ አልተጠራም፤ ቮልቱን ያልሰጠሁት እኔ ነኝ።

ከዋቱ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። እያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) እንደሚያወጣ የሚነግር ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለው። የእኔ ትንንሽ ስፒከሮች 82 ዴሲቤል ነበሩ። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት 82 ዴሲቤል የሆነ አንድ ስፒከር በ15 ዋት 94 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። 90 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር ግን በዚያው 15 ዋት 102 ይደርሳል፤ ትንሹ ስፒከር ያንን ለማግኘት 95 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊትም መቃጠሉ አይቀርም። ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ በ1 ሜትር 94 የነበረው በ16 ሜትር 70 ይሆናል፤ ይህም በሰው ጫጫታ የሚዋጥ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ባውቀው የምወደው ይህን ነበር፦ ገንዘብ ያላችሁ እንደሆነ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ባለ ስፒከር ላይ አውሉት፣ አምፕሊፋየሩና የባትሪው ትልቅነት ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ለሁለተኛው ሳጥን የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄጄ ከመኪና በር የወጡ ባለ 6 ተኩል ኢንች ስፒከሮች መረጥሁ። ድምፃቸው በእርግጥ ጎልቶ ወጣ፤ ነገር ግን ከቺፕውድ በሠራሁት ጠባብና ዝግ ሳጥን ውስጥ የከበሮው ምት ሕይወት አልነበረውም። የመኪና ስፒከር ከበስተኋላው የበሩን ሰፊ ባዶ ቦታ ታስቦለት የሚሠራ ስለሆነ ጠባብ ሳጥን ያፍነዋል። የዚህ ሳጥን ትልቁ ትምህርት ግን ከባትሪው መጣ፤ ጉዳዩ የቤት ደኅንነት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች ያወጣኋቸውን 18650 የሚባሉ የሊትየም ሴሎች ሦስት ተከታታይ ረድፍ አድርጌ አሰርሁና በ12.6 ቮልት ቻርጀር ሞላኋቸው። ጠቅላላው ቮልት ሁልጊዜ ትክክል ነበር። አንድ ቀን እያንዳንዱን ረድፍ ለየብቻ በቴስተር ስለካ ግን አንደኛው 4.34፣ ሁለተኛው 4.15፣ ሦስተኛው 4.11 ቮልት ሆነው አገኘኋቸው፤ ድምራቸው 12.60 ነው። የሴሉ የመጨረሻ ጣራ 4.2 ቮልት ነውና አንዱ ረድፍ በጠቅላላው ቁጥር ጀርባ ተደብቆ ወደ አደጋ እየሄደ ነበር። የገዛሁት የመከላከያ ሰሌዳ ረድፎቹን የሚያመጣጥን ክፍል አልነበረውም፤ ከመጠን በላይ መሙላትንም ያቆማል ተብሎ በተጻፈው ቁጥር ላይ አላቆመም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማመጣጠኛ ክፍል የሌለው ሰሌዳ አልጠቀምም፤ አዲስ ባትሪ ሲሠራም ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሙሌቶች እያንዳንዱን ረድፍ በእጄ እለካለሁ። ከላፕቶፕ የወጣ ሴል ቮልቱ ከ2 በታች ወርዶ ከተገኘ፣ ወይም ሞልቶ ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሴል ላይ በብየዳ ካውያ በቀጥታ መበየድም ውስጡን ስለሚጎዳ ኒኬሉን በነጥብ ብየዳ ማሽን ለሚያስይዝ ባለሙያ መስጠት ይሻላል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሁን፤ ሰው በተኛበት ክፍል ደግሞ ባትሪ አትሙሉ።

ለሦስተኛው ሳጥን ባለ 8 ኢንች፣ 8 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው 94 ዴሲቤል የሆነ ለአዳራሽ ድምፅ ማጉያ የሚሠራ ስፒከር አገኘሁ። የቴክኒክ ወረቀቱ አብሮት ስለነበረ ሳጥኑን በግምት ሳይሆን በስሌት መሥራት ቻልሁ፤ በዚህ ወረቀት ላይ የሚገኙት ቁጥሮች የቲልና የስሞል መለኪያዎች ይባላሉ፣ መሠረቱን አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ጥሎት ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው ነው። የሰፈራችን አናጢ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ውስጡ 40 በ24 በ22.5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አድርጎ ቆረጠልኝ፤ የስፒከሩና የባትሪው ክፍል የሚይዙት ሲቀነስ 20 ሊትር ገደማ አየር ይቀራል። ወፍራሙን ድምፅ የሚያግዘው የአየር መውጫ ውስጡ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ) እንዲያስተጋባ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን ነበረበት። አስቀድሜ በ14 ሴንቲ ሜትር ቆረጥሁትና ቀስ በቀስ አሳጠርሁት፤ የተቆረጠ ቱቦ አይቀጠልምና።

ቱቦው በትክክለኛው ቦታ መቃኘቱን ለማወቅ የተጠቀምሁበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ሳጥኑን በጀርባው አስተኝቼ በስፒከሩ ወረቀት፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ በሚያወጣው ክፍል ላይ ጥቂት የጤፍ ቅንጣት በተንሁና ከስልኬ አንድ ወጥ ድምፅ ከ100 ኸርዝ ወደ 40 ቀስ እያልሁ አወረድሁ። ቅንጣቶቹ ሲዘሉ ቆይተው በአንድ ቦታ ላይ ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ በታች ደግሞ እንደገና መዝለል ይጀምራሉ። ጸጥ ያሉበት ቦታ የሳጥኑ ቅኝት ነው፤ በዚያ ድግግሞሽ ሥራውን የሚሠራው በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ የስፒከሩ ወረቀት እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከቅኝቱ በታች ግን ወረቀቱን የሚይዘው አየር ስለማይኖር ብዙ ኃይል ከተሰጠው ይቀደዳል። ስለዚህ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ የሚገታ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አደረግሁ፤ የእኔ ሰሌዳ መግቢያ 30 ኪሎ ኦም በመሆኑ ከ53 ኸርዝ በታች ያለው እየቀነሰ ይሄዳል። የሳጥኑን መጋጠሚያ ደግሞ በዕጣን ጭስ መረመርሁት። ዝቅተኛ ድምፅ ከፍቼ ጭሱን በየመገጣጠሚያው ሳስጠጋ በሽቦው ቀዳዳ በኩል ጭሱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በኮላ ስደፍነው ቀድሞ ይሰማኝ የነበረው ፉጨት ጠፋ።

በዚህ ቦታ ላይ በአዲስ አበባ ለምንሠራ ሰዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በከፍታ ስላልሆነ የቱቦው ስሌት አይለወጥም፤ ነገር ግን ስፒከሩ የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ሴንሲቲቪቲ 2 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ማሰብ ተገቢ ነው።

በጣም ያደከመኝ ነገር የድምፁ ማነስ ሳይሆን ሙዚቃ በሌለበት ጊዜ የሚሰማ ቀጭን የጢጢታ ድምፅ ነበር። ስልክ ሲገናኝ ይበረታል፣ ሲለያይ ይለወጣል። ሽቦ ቀየርሁ፣ ካፓሲተር ጨመርሁ፣ የብሉቱዝ ሰሌዳውንም ለወጥሁ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የብሉቱዙን ሰሌዳ ብቻ ከስልክ መሙያ ፓወር ባንክ ኃይል ስሰጠው ጢጢታው ወዲያውኑ ጸጥ አለ፤ ችግሩም ታወቀ። ብሉቱዙና አምፕሊፋየሩ በአንድ ባትሪ ሲመገቡ ብሉቱዙ የሚስበው የተቆራረጠ ኮረንት በጋራው የኔጌቲቭ መስመር በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ይገባል። መፍትሔው ከ5 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚለውጥ፣ መግቢያውና መውጫው በኤሌክትሪክ ያልተገናኙ ቢ0505ኤስ የሚባል 1 ዋት ትንሽ ክፍል ነው። ብዙዎቻችን የብሉቱዙን ሰሌዳ እናማርራለንና በመጀመሪያ በተለየ ባትሪ እንድትሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ። የግራና የቀኙን መስመር ወደ አንድ ስቀላቅልም በቀጥታ አላሰርኋቸውም፤ በእያንዳንዱ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጌአለሁ። ለቀጭኑ ድምፅ የጨመርሁት ባለ ቀንድ ትዊተር በ4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ይመገባል።

ባትሪው አሁን ዐሥር አዳዲስ ሴሎች ያሉት ነው፦ አምስት ረድፍ በተከታታይ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ጎን ለጎን። ሲሞላ 21 ቮልት፣ በመካከለኛ ደረጃው 18.5 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ በ8 ኦም ስፒከር ላይ 21 ዋት ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ94 ዴሲቤል ስፒከር ላይ ሲውል የከፍታው 2 ዴሲቤል ተቀንሶለት እንኳ 105 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ያው 2 ዴሲቤል ከተቀነሰለት ከመጀመሪያው ሳጥን ስፒከር በ13 ይበልጣል። ሙዚቃ ከፍ ብሎ በሚጫወትበት ጊዜ የሚስበው አማካይ ኮረንት ስለካው 0.45 አምፒር ሆነ፤ የባትሪው አቅም 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከ10 ሰዓት በላይ ይቆያል። እኛ በሳምንት የምንፈልገው ሁለት ሰዓት ነው።

ሳጥኑ በጠቅላላው ወደ 7 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ከላይ ባለው እጀታ አንድ ሰው ያለ ድካም ይሸከመዋል። ባለፉት አራት እሑዶች በሜዳው አንድ ጫፍ፣ በወገብ ከፍታ ላይ አስቀምጠነው ተጠቀምንበት። መሬት ላይ ስናስቀምጠው ወፍራሙ ድምፅ ቢጎላም የፊተኛው ረድፍ ሰዎች አካል ቀጭኑን ድምፅ ስለሚጋርደው ከፍ ማድረጉ ይበልጥ ጠቅሟል። እኔ ራሴ በመጨረሻው ረድፍ ቆሜ የአሠልጣኙን ቆጠራና የከበሮውን ምት ለይቼ ሰማሁ። በሜዳው ዳር፣ ከሳጥኑ ጎን በኩል የሚቆሙት ግን ቃሉን በደንብ አይሰሙም፤ ቀንዱ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ፊት ብቻ ስለሚሰበስበው ነው። አናጢው ለሁለተኛው ተመሳሳይ ሳጥን የሚሆነውን ኮምፔንሳቶ ቆርጦልኛል፤ በዚህ ሳምንት ኮላው ሲደርቅ ሁለቱን በ60 ዲግሪ ገደማ ከፍቼ አስቀምጬ በአራቱም የሜዳው ማዕዘን እለካለሁ።