የቄጠማው ሥር

ኮምቦልቻ ውስጥ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ያለኝ አራት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃና ከላይ ቆርቆሮ ነው። ሰው የሚመጣው ለቡናው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቄጠማ አጥቼ ሳልጎዘጉዝ ተቀመጥኩ። ጀበናው ተጥዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሁለት ደንበኞቼ ግን "ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" ብለው አለፉኝ።

ቄጠማ የሚያመጡልኝ እማማ የሚያጭዱት ከሰፈራችን በታች ካለው ረባዳ ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይወርዳሉ፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ደጄ መጥተው እስሩን ሲያራግፉት ጤዛው ፊቴ ላይ ይረጫል። የቄጠማ ደግነቱ ከሥሩ ይታወቃል። ታችኛው ጫፍ ነጭና ለስላሳ ከሆነ ውሃ ጠግቧል፣ እስከ ማታ አይጠወልግም። ቢጫ ካለው ለቀትር ቡናም አይደርስ። አንዴ ከእስሩ መሃል አልቅት ብቅ ሲል ጮኼ ዘለልኩ። እሳቸው በጣታቸው ፈንጥረው "አብሽሪ ልጄ፣ ውሃው ደህና መሆኑን ሊነግርሽ መጥቶ ነው" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ረባዳውን አልወደውም ነበር። ቢምቢ ማራቢያ ነው እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ። የጎረቤቴ ላም ሚያዝያ ላይ፣ ሌላው ሜዳ አመድ ሲመስል፣ እዚያ ግጣ ነው ያለበችው፤ ወተቱን ስጠጣ ግን ይህን አላሰብኩትም። ካቻምና ገልባጭ መኪና እየተመላለሰ አፈርና የፈረሰ ግንብ ሲደፋበት "እሰይ" ካሉት አንዷ ነኝ።

ሐምሌ ላይ ዋጋዬን አገኘሁ። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ድሮ እዚያ ሜዳ ላይ ይተኛና ደለሉን ጥሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሄድ ነበር። መኝታው ሲደፈን እኛ ጋ መጣ። ከሰሌ ተንሳፍፎ ሄደ። ረከቦቱን በማግስቱ ከቱቦ አፍ ላይ ተሰንቅሮ አገኘሁት፤ ከሲኒዎቹ የተረፈችው አንዲት ብቻ ናት። ቢምቢው ደግሞ የትም አልሄደም፤ ሙሌቱ ላይ በተጠራቀመው ኩሬ ተመችቶት ይራባል።

የከሚሴ መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር ደንበኛ አለኝ። ቦርከናን ከላይ እስከ ታች ያውቀዋል። ወንዙ የደሴን እጣቢ ይዞ ይወርዳል፣ እዚህ የእኛንና የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨምርና ጨፋ ሸለቆ ላይ ይንጣለላል። "እዚያ ደንገሉ ባያዘገየው እኮ ጉድ ነበር" ይላል። ልክ ነው፤ ውሃ ሲያዘግም ዝቃጩ ታች ይቀራል፣ ሥሩም ከእጣቢው የአቅሙን ያህል ይይዛል። አቅም ግን ወሰን አለው፣ የፋብሪካ ኬሚካል ሁሉ በሣር አይጠራም። በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም የአማራውም ከብት የሚሰበሰበው እዚያው ጨፋ ነው። ከዚያ ያለፈው ውሃ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ደሴ ላይ የደፋነውን ባሕር ይውጠዋል የምንል ካለን፣ ባሕር የለም።

እማማ አሁን ቄጠማ የሚያስመጡት ከሐርቡ ወዲያ፣ በአይሱዙ ነው። የመኪናው ሒሳብ እስሩ ላይ ተጨምሯል፣ እስሩ ግን አንሷል። ትናንት ገልበጥ አድርጌ ሥሩን አየሁት።

"ቢጫ ነው፣ እማማ።"

"መንገድ ላይ አድሮ ነው ልጄ። ውሃ እርጪበት።"

ግማሹን ገዛሁና ረጨሁበት። ከበርጩማዎቹ ፊት ብቻ ነው የጎዘጎዝኩት፤ ለምድጃው ዙሪያ አልበቃም።